ግድቡ ከፍ ቢል ሐይቁ ይቆምልናል? ስለ ሐዋሳ የጎርፍ ስጋት ቅነሳ ዕቅድ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው። ሐይቁ ከዓመት ዓመት ወደ አጥራችን እየቀረበ መጥቷል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ግቢያችንን ያጥለቀልቀዋል። የሰፈሩ ሰው ሐይቁ በደለል ስለተሞላ ነው ብሎ ያምናል። መንግሥት ደለሉን ቢጠርግ፣ የዳርቻውን ግድብ አንድ ሁለት ሜትር ቢያሳድግ፣ ካልሆነም ትርፉን ውሃ በቦይ ቢያስወጣ ችግሩ ያልቃል ይላል። በቅርቡ ስለ ጎርፍ ስጋት ቅነሳ ዕቅድ አስተያየት እንድንሰጥ ስብሰባ ተጠርተናል። ምን ብለን እንጠይቅ? በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ የሚባለውስ ምን ማለት ነው?»

ምላሽ፦

ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ጎርፎች ተደባልቀዋል። እነሱን ሳይለዩ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ለአንዱ ቢሠራ ለሌላው አይሠራም። አንደኛው ከአላሙራና ከታቦር ተራራ፣ ከምሥራቁም ዳገት የሚወርደው ነው። በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል፣ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ሁለተኛው የሐይቁ መሙላት ነው። በወራትና በዓመታት ይመጣል፣ ከመጣም በኋላ ቶሎ አይሄድም። የመጀመሪያው ሕይወት ያጠፋል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ወርዶ በሌሊት ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው እንዲህ ያለ ጎርፍ ነው። የሐይቁ መሙላት ሰው የመግደል ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ቤቱን፣ መጸዳጃውንና ጉድጓዱን ግን ቀስ ብሎ ይወስዳል። ለአንዱ የሚያስፈልገው የማምለጫ ጊዜና የውሃ ማሳለፊያ ነው፤ ለሌላው የሚያስፈልገው የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ ነው። ዕቅዱ ላይ ሁለቱ በአንድ ርዕስ፣ በአንድ በጀት ተጠቃልለው ካገኛችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይለዩልን የሚል ይሁን።

ከሐይቁ እንጀምር፤ የተሳሳተ ግንዛቤ የበዛው እዚያ ነውና። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጥልቁ ቦታ ከ20 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። ሐይቁን እንደ ባንክ ደብተር ይቁጠሩት። ገቢው በላዩ ላይ የሚዘንበው ዝናብ፣ የጥቁር ውሃ ወንዝ፣ ከየዳገቱ የሚወርደው ጎርፍና ከመሬት ውስጥ የሚመጣው ውሃ ነው። ወጪው ሁለት ብቻ ነው፦ ወደ ላይ መትነን፣ ወደ ታች መስረግ። ትነቱ በዓመት 1.5 ሜትር ገደማ ይወስዳል። ይህ ወጪ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለዋወጥም፤ ገቢው ግን ይለዋወጣል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ርጥብ ዓመታት ከተከታተሉ ትርፉ ይጠራቀማል፤ ቀጣዩ ዓመት ዝናቡ መካከለኛ ቢሆን እንኳ ሐይቁ የሚነሳው ካለፈው ዓመት ከፍታ ላይ ነው።

«በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ነው የሚያሳስተው። ለወንዝ ሲነገር ትርጉሙ በየዓመቱ አንድ በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው፤ አንዴ ከመጣ መቶ ዓመት ያርፋል ማለት አይደለም። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ነው፤ ይህ ለመኖሪያ ቤት ትንሽ ቁጥር አይደለም። ለተዘጋ ሐይቅ ግን ስሌቱ ከነጭራሹ አይገጥምም። ስሌቱ እያንዳንዱ ዓመት ካለፈው ነፃ ነው ብሎ ይነሳል፤ መውጫ የሌለው ሐይቅ ደግሞ ያለፈውን ዓመት ተሸክሞ ነው የሚመጣው። አጥኚዎች የሐይቁን ከፍታ በወንዝ ቀመር አስልተው «የመቶ ዓመት ደረጃ» ብለው ካቀረቡላችሁ እንዴት እንዳሰሉት ጠይቁ። አነስ ያለ ጉዳይ ይመስላል፤ የግድቡ ቁመትና የቤታችሁ ዕጣ የሚወሰነው ግን በዚያ ቁጥር ነው።

ደለሉን በተመለከተ የሰፈራችሁ ሰው ግማሽ እውነት ይዟል። ከወንዶ ገነትና ከሻሸመኔ በኩል ካለው የተራቆተ ዳገት አፈር እየታጠበ እንደሚወርድ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። በዓመት 1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ደለል ሐይቁ ውስጥ ይገባል እንበል፤ ይህ ሆን ብዬ ያበዛሁት ቁጥር ነው። በ90 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲሰራጭ ውሃውን ከፍ የሚያደርገው በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ ግን በአንድ ርጥብ ወቅት ብቻ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወጣል። ደለሉን ቆፍሮ ለማውጣት ደግሞ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና ከ60 ሺህ በላይ ምልልስ ያስፈልጋል፤ ለዚያች ለ1 ሴንቲ ሜትር! ደለል የሚጎዳው ሌላ ቦታ ነው። የከተማውን ቦይና ቱቦ ይደፍናል፣ የጥቁር ውሃን ወንዝ አልጋ ያሳድጋል፣ ረግረጉን ይሞላል። ጠረጋው እነዚህ ላይ ቢውል ገንዘቡ አይባክንም። የሐይቁን ወለል ለመጥረግ በጀት ሲጠየቅ ከሰማችሁ ግን አትፍቀዱ።

እንግዲያው ሐይቁን የሚያስነሳው ምንድን ነው? አንደኛ ዝናብ ነው፤ በተለይ ከክረምት በኋላ የሚዘንበው። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው የኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ከልክ በላይ የሚሞቅበት ክስተት) ወቅት የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ከልክ ያለፈ ነበር፤ ሐይቁም በቀጣዮቹ ዓመታት መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከፍተኛ ከተባሉት ደረጃዎች ላይ ደረሰ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያም የሕንድ ውቅያኖስ ያልተለመደ ሙቀት በምሥራቅ አፍሪካ ላይ ከባድ ዝናብ አውርዶ ከኬንያ ጀምሮ ያሉ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻቸውን አልፈዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ኤልኒኖ ሲባል በአገራችን ድርቅ ነው የሚታሰበው። ለሰሜኑ ክረምት ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ በደቡቡ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ላይ ግን ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ሐይቁ በዓመቱ ውስጥ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰውም ጥቅምትና ኅዳር ገደማ ነው፤ መስከረም ጠብቶ ሰው ሁሉ ጎርፉ አለፈ ብሎ እፎይ ሲል።

ሁለተኛው ምክንያት የመሬቱ መለወጥ ነው። ጨለለቃ ቀድሞ ራሱን የቻለ ትንሽ ሐይቅ ነበር። ከወንዶ ገነት የሚወርዱት ጅረቶች እዚያ ያርፉ ነበር፤ ውሃው ተንጣልሎ ይተናል፣ ደለሉ ይቀራል፣ የተረፈው በጥቁር ውሃ ቀስ ብሎ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይሄዳል። ዛሬ ጨለለቃ ረግረግና ግጦሽ ሆኗል፤ እሱም ዳር ዳሩ እየታረሰና እየታጠረ ነው። ደኑ በመመንጠሩ ዳገቱ ውሃ አይዝም፤ ከተማው በኮብልስቶን፣ በአስፋልትና በቆርቆሮ ክዳን ሲሸፈን መሬቱ ውሃ አያስገባም። ቀድሞ በሳምንታት ይደርስ የነበረው ውሃ ዛሬ በቀናት ይደርሳል፤ ቀድሞ በመንገድ ላይ ይተን የነበረውም ሐይቁ ድረስ ይመጣል።

ወደ መፍትሔዎቹ ስንመጣ በቦይ ማስወጣት የሚለውን በአጭሩ እንዝጋው። ሐይቁን በ50 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ለማድረግ 45 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ መውጣት አለበት። በ100 ቀን ይውጣ ቢባል በየሰከንዱ ከ5 ሜትር ኩብ በላይ ማለት ነው፤ ሐይቁ በሙሉ ስፋቱ በአማካይ ከሚተንነው ይበልጣል። ወዴትስ ይሄዳል? ሻላ ሐይቅ ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሰሜን አለ፤ በመካከል ግን ኮርቤቲ እሳተ ገሞራና ሐይቃችን የተኛበት የአሮጌው የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ጠርዝ ቆመዋል። በምዕራብ ብላቴ ወንዝ አለ፤ ታችኛው ተፋሰሱ ላይ ግን በዚያው ውሃ የሚያጠጡ ገበሬዎችና እርሻዎች አሉ፣ የእኛ ሐይቅ ውሃ ደግሞ ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ማዕድን) እና ጨው አለበት፣ የከተማው ፍሳሽም ይጨመርበታል። በአገራችን ይህን የመሰለ ሙከራ የታየው መተሐራ አጠገብ ባለው በበሰቃ ሐይቅ ላይ ነው። በሰቃ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በኋላ ከ40 በላይ ደርሶ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን አስጨነቀ። ውሃውን ወደ አዋሽ ማስወጣት የግድ ሆነ፤ ጨዋማ ስለሆነ ግን አዋሽን እንዳይበክል እየተመጠነ ነው የሚለቀቀው። ያም ሆኖ አዋሽ እዚያው አጠገቡ ነው። ሐዋሳ እንዲህ ያለ ጎረቤት ወንዝ የላትም። ይህን አማራጭ የመጨረሻው የጭንቅ ቀን መጠባበቂያ አድርጎ ማጥናት ይቻላል፤ የዕቅድ ምሰሶ ሊሆን አይችልም።

የግድቡ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ግድብ አይጠቅምም ብዬ አልከራከርም። በፍቅር ሐይቅ በኩል ሰው የሚንሸራሸርበት የዳርቻ ግድብ ባይኖር ኖሮ ዝቅተኛው የከተማው ክፍል ብዙ ጊዜ በውሃ ይዋጥ ነበር። ማሳደጉ ግን ሦስት ነገሮችን ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያው ከሥር የሚመጣው ውሃ ነው። የሐዋሳ አፈር በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ቀላል የአረፋ ድንጋይና የአሮጌ ሐይቅ አሸዋ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል። ሐይቁ ከግድቡ ወዲያ በ1 ሜትር ከፍ ሲል ከግድቡ ወዲህ ያለው የከርሰ ምድር ውሃም ተከትሎ ይነሳል። አንድ ጠብታ በግድቡ ላይ ሳያልፍ መጸዳጃ ጉድጓድ ይሞላል፣ የቤት መሠረት ይርሳል፣ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ግድቡን ወደ ላይ ማሳደግ ይህን አያስቆምም፤ የሚያስቆመው ከግድቡ በታች ጠልቆ የሚገባ ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ ወይም ከጀርባው የሚዘረጋ የስርገት መሰብሰቢያ ቦይ ነው። ሁለቱም ከአፈር ክምሩ የሚበልጥ ገንዘብ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ሁለተኛው ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ያ እርስዎን በየክረምቱ የሚያጥለቀልቀው። የከተማው ቦዮች የሚያርፉት ሐይቁ ላይ ነው። ሐይቁ ከቦዩ አፍ ከፍ ሲል ውሃው መውጫ ያጣል፤ ይባስ ብሎም በቱቦው ወደ ሰፈር ይመለሳል። ስለዚህ ግድብ ሲያድግ በየቦዩ አፍ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት በር፣ የጎርፍ ማቆያ ኩሬና ውሃውን በግድቡ ላይ የሚያሻግር ፓምፕ አብረው መሠራት አለባቸው። ፓምፕ መብራት ይፈልጋል፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል መጀመሪያ የሚጠፋው መብራት መሆኑን ለሐዋሳ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ጄኔሬተሩ፣ ነዳጁና ሌሊት ተረኛው ሠራተኛ በዕቅዱ ውስጥ ካልተጻፉ ግድቡ ከተማውን ገንዳ ያደርገዋል።

ሦስተኛው የሰው ጠባይ ነው። ግድብ ከፍ ባለ ቁጥር ከጀርባው ያለው መሬት ይወደዳል፣ ሆቴል ይሠራል፣ ፎቅ ይነሳል። ስጋቱ ከውሃው ደረጃና ከሚጠፋው ንብረት የተሠራ ነውና የውሃውን ዕድል በግማሽ ቀንሰን ንብረቱን በአራት እጥፍ ብናሳድግ ስጋቱን ጨመርነው እንጂ አልቀነስነውም። ውሃው ግድቡን ሲያልፍ ደግሞ በአንድ ቀን ነው የሚያልፈው። ዳርቻውን በድንጋይ መደርደር ለዓሣውም አይበጅም፤ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚራባው ጥልቀት በሌለው፣ ቄጠማ ባለበት ዳርቻ ነው። ይህን በቅንፍ የማነሳው አሣ አጥማጆቹ ስብሰባው ላይ ላይጠሩ ስለሚችሉ ነው።

ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ መግታት የሚቻለው ከላይ ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ዳገት ላይ በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልና ግማሹ ቢወርድ 20 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ በሰከንድ ከ5 ሜትር ኩብ በላይ። ወርዱም ጥልቀቱም አንድ ሜትር የሆነ ቦይ ንጹሕ ሆኖ እንኳ የሚያሳልፈው 2 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ለዚያ ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሦስት ቦይ ጎን ለጎን ልንገነባ ነው? ይልቅ ዳገቱ ግርጌ አንድ ሄክታር ስፋትና 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ማቆያ ያንን ውሃ በሙሉ ይይዛል፤ ቦዩም በቀጣዮቹ ሰዓታት ቀስ ብሎ ያወርደዋል። በበጋ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ግንባታው ላይ አይደለም፤ ያንን አንድ ሄክታር ለሊዝ ሳያወጡ ማቆየት ላይ ነው። የአላሙራ ግርጌ በቤት ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ስለ ማቆያ መነጋገር ጊዜ ማጥፋት ነው።

በላይኛው ተፋሰስ የሚሠራው እርከን፣ ክትርና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይም ዋጋ አለው፤ ግን ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ይታወቅ። ጎርፉን ያዘገያል፣ ደለሉን ያስቀራል። የሐይቁን ከፍታ በመቀነስ ረገድ ግን ብዙ አይጠበቅበትም፤ ወደ መሬት የሰረገው ውሃ ከፊሉ በከርሰ ምድር ዞሮ እዚያው ሐይቅ ይገባልና። ሐይቁን በተመለከተ ከተፋሰሱ ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ጨለለቃን ማስጠበቅ ነው። ውሃ ተንጣልሎ የሚተንበት ሰፊ ቦታ ሌላ የለንም። የቀረውን ረግረግ ከልሎ፣ መፋሰሻ እንዳይቆፈርበት ከልክሎ፣ ለግጦሽ የሚጠቀሙበትን አርሶ አደሮች በአስተዳደሩ ውስጥ አስገብቶ ማቆየት ከማንኛውም የኮንክሪት ሥራ ይረክሳል።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ልግባ። ዕቅዱ መጀመሪያ መስመር ያስምር። ይህ መስመር ከሐይቁ ዳር በሜትር ርቀት የሚለካ መሆን የለበትም። «ከሐይቁ ይህን ያህል ሜትር» የሚል ክልከላ ውሃው በሸሸበት ዓመት አብሮ ይሸሻል፣ በመጣበት ዓመት አብሮ ይመጣል። በድርቁ ዓመት የተገለጠው መሬት ይታጠራል፣ በቆሎ ይዘራበታል፣ ሰርቪስ ቤት ይሠራበታል፤ ሐይቁ ወደ ቦታው ሲመለስ «ጎርፍ መጣ» ይባላል። መስመሩ በከፍታ፣ ከባሕር ወለል በላይ በሜትር መነገር አለበት፤ በመሬትም ላይ በኮንክሪት ችካል መታየት አለበት።

የት ይሰመር ቢሉኝ ታችኛውን መስመር በታሪክ ከተመዘገበው የሐይቁ ከፍተኛ ደረጃ ላይ፣ የላይኛውን ከዚያ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ አድርጌ አሰምራለሁ። ሁለቱ ሜትሮች ለማዕበልና ከሰዓት በኋላ ለሚነሳው ነፋስ፣ ለተከታታይ ርጥብ ዓመታትና ለወደፊቱ የአየር ንብረት የተተዉ ናቸው። ከመቶ ሜትር አንድ ሜትር በሚያዘነብል መሬት ላይ 2 ሜትር ከፍታ ማለት 200 ሜትር ስፋት ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው እንደሚቆጣ አውቃለሁ። ከታችኛው መስመር በታች ቋሚ ቤት አይኖርም፤ መናፈሻ፣ የጀልባ ማቆሚያ፣ የዓሣ ገበያ፣ እንደ ጉዱማሌ ያለ የበዓል ሜዳ ይሁን። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ቤት ሁሉ ይፍረስ አልልም። ወለሉ ከፍ ይበል፣ የሚቆፈር መጸዳጃ ይቅርና ወደ ፍሳሽ መስመር ይገናኝ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና የመብራት ጣቢያ ግን እዚያ አይሠራ፤ አዲስ የግንባታ ፈቃድም አይሰጥ። ግድቡን መጠገንና ማጠናከር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው፣ የሚከላከለውም አሁን ያለውን ሰፈር ይሁን እንጂ አዲስ ሰፈር መጋበዣ አይሁን።

መነሳት ያለበት ሰው ካለ ነገሩ በልመና አይታለፍ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም ከይዞታው የሚነሳ ሰው ካሳና መልሶ መቋቋም እንዲያገኝ ይደነግጋል። ካሳው በመሠረቱ በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው፤ ካርታ የሌለውና ተከራዩ የት እንደሚወድቁ ግን ዕቅዱ በግልጽ መናገር አለበት። ተከራይ ያልተቆጠረበት የስጋት ቅነሳ ዕቅድ ስጋቱን ወደ ሌላ ዝቅተኛ ሰፈር ነው የሚያዛውረው። ውሃው ደጅ ላይ ሳይደርስ በአምስትና በአሥር ዓመት ቀስ ብሎ የሚከናወን ማዛወር ከአስቸኳይ ድንኳን በብዙ ይሻላል። ሐይቅ በዝግታ የሚሞላ መሆኑ ለእቅድ አውጪው የተሰጠ ጸጋ ነው፤ ጊዜ ይሰጣል። ለምሳሌ የመስከረም መጨረሻ የሐይቁ ከፍታ ንባብ ከተወሰነ ደረጃ ካለፈና የሜትዮሮሎጂ ትንበያው ርጥብ ጥቅምትን ካመለከተ የትኛው ሰፈር ይዘጋጃል፣ የትኛው ፓምፕ ይፈተሻል የሚለው አስቀድሞ ተጽፎ መቀመጥ ይችላል።

ማን ይሥራው የሚለው ሌላው ቋጠሮ ነው። ከተማው ቦዩንና የግንባታ ፈቃዱን ይይዛል፤ ዳገቱና ረግረጉ ግን በሲዳማና በኦሮሚያ ክልሎች ውስጥ ነው ያለው፣ ሐይቁም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ አካል ሆኖ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ኃላፊነት አለበት። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ከእርዳታ ማከፋፈል ወደ ስጋት መቀነስ እንሸጋገር ብሎ ጎርፍን ለውሃው ዘርፍ ሰጥቷል። በወረቀት ላይ ክፍተት የለም። ክፍተቱ ያለው ሐዋሳ ላይ ለሚድን ቤት በኦሮሚያው ዳገት፣ ኮፈሌ ላይ ገንዘብ ማውጣት የሚያስችል የጋራ በጀት ላይ ነው። የከተማው ዕቅድ በከተማው ወሰን ላይ የሚያበቃ ካርታ ይዞ ከመጣ ግማሹ ዕቅድ ገና አልተሠራም ማለት ነው።

አንድ አነስተኛ የምትመስል የቀን መቁጠሪያ ጉዳይም አለች። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጎርፉ ከመጣ በኋላ ማለት ነው። ለቦይ ጠረጋ የተያዘው ገንዘብ ተለቅቆ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ተቋራጭ እስኪገባ ጥቅምት ይሆናል። ስለዚህ ጠረጋው ካለፈው ዓመት በጀት ተይዞ አንዴ የካቲት ላይ ከበልጉ በፊት፣ አንዴ ግንቦት ላይ ከክረምቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት። ብዙ ወጪ የሌለበት፣ በሚቀጥለው ክረምት ለእርስዎ ግቢ ልዩነት የሚያመጣ እርምጃ ይህ ነው።

ስለ እርስዎ ቤት ጥቂት ልበል። ግቢዎን በአፈር ሞልተው ከፍ ለማድረግ አይቸኩሉ፤ ውሃውን ወደ ጎረቤት ይገፉታል፣ ጎረቤትም ተመሳሳዩን ሲያደርግ መንገዱ ወንዝ ይሆናል። ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ክፍል አይጨምሩ፣ ሐይቁ ሲሸሽም አጥርዎን አያራምዱ። የኤሌክትሪክ ቆጣሪና ማከፋፈያ ዝቅ ብሎ ከተተከለ በባለሙያ ከፍ ይደረግ። ሐይቁ ከፍ ባለበት ወቅት ከመጸዳጃ አጠገብ ያለ የጉድጓድ ውሃ ጥሩ ቢመስልም አይጠጣ፤ ሲፈላ ተሕዋስያን ይሞታሉ፣ ፍሎራይዱ ግን አይቀንስም።

ስብሰባው ላይ ጊዜ ስለሚያጥር በአራት ጥያቄ ላይ ጽኑ። መስመሩ ከባሕር ወለል በላይ በስንት ሜትር ላይ ነው፣ የእኛስ ሰፈር በየትኛው በኩል ይወድቃል? ግድቡ ካደገ የቦዮቹ አፍና የፓምፖቹ ወጪ በበጀቱ ውስጥ አለ ወይ? ጨለለቃንና የአላሙራ ግርጌን ከግንባታ የሚያስጠብቀው ማን ነው? ቦይ ጠረጋው በየትኛው ወር ያልቃል? መልሱ «ይታያል» ከሆነ እንዲሁ «ይታያል» ተብሎ፣ ቁጥር ከሆነም ከነቁጥሩ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር አድርጉና ቅጂውን ይዛችሁ ውጡ።